እህቴ ምዝገባውን ለሚቀጥለው ዓመት ብታቆየው ምደባዋ ይጠፋል?

የአንባቢው ጥያቄ፦ «እህቴ በተፈጥሮ ሳይንስ ከ600 362 አምጥታ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዩኒቨርሲቲው ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የሁለት ቀን የምዝገባ ጥሪ አውጥቷል፤ የቀረን ዘጠኝ ቀን ነው። እናታችን ግን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ገና አላገገመችም። ስለዚህ እህቴ ወይ ሦስት ሳምንት ዘግይታ መግባት፣ ወይ ዘንድሮን አሳልፋ ለከርሞ መሄድ ትፈልጋለች። ጎረቤቶቻችን ‹ምደባ አንዴ ከወጣ አይጠፋም፤ ስልክ ደውላችሁ አስይዙት› ይሉናል። በዚያ ላይ የአባታችን ስም በትራንስክሪፕቷ ላይ ‹ወልደማርያም› ተብሎ በአንድ ቃል፣ በ12ኛ ክፍል ውጤቷ ላይ ደግሞ ‹ወልደ ማርያም› ተብሎ በሁለት ቃል ተጽፏል። ምኞቷ ሲቪል ምህንድስና ነው። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ምደባ በስልክ አይያዝም። ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣው ምደባ እህትዎ በዚህ ዓመት በዚህ ዩኒቨርሲቲ ቀርባ መመዝገብ እንደምትችል የሚገልጽ የስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ለዩኒቨርሲቲው ይደርሰዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ጥሪ አድርጎ የመጣውን ይመዘግባል፣ ያልመጣውን ደግሞ ሪፖርት እንዳላደረገ ይቆጥረዋል። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ቅን ሰው ሆኖ «ችግር የለም፣ ትምጣ» ቢላችሁ እንኳ ቃሉ የትም አይጻፍም። ከሦስት ሳምንት በኋላ መስኮቱ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። በጥሪ ማስታወቂያዎች ግርጌ «ከተጠቀሱት ቀናት ውጪ የሚመጣ ተማሪ አናስተናግድም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ብዙ ቤተሰብ ለማስፈራሪያ የተጻፈ አድርጎ ይወስደዋል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን የሬጅስትራር (የተማሪዎች ምዝገባ ቢሮ) ኃላፊው የሚጠቅሰው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እየተምታታ ነው። ተመዝግቦ ከዚያ በሥርዓቱ ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪና ጭራሽ ያልተመዘገበ ተማሪ መብታቸው የተለያየ ነው። የመጀመሪያው መለያ ቁጥር አለው፣ ሬጅስትራር ውስጥ ፋይል አለው፣ ዊዝድሮዋል (በሥርዓት የማቋረጥ ጥያቄ) የሞላበት ቅጽ አለው፤ ሲመለስ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ያንኑ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያልተመዘገበው ግን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንዳች ወረቀት የለውም። ጉዳዩ ተመልሶ ወደ ሚኒስቴሩ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት በሚወጣው አሠራርም ይታያል። ቢፈቀድ እንኳ ምደባው ዳግመኛ አርባ ምንጭ ይሆናል ብሎ ዋስ የሚሆን አይገኝም። ግማሽና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ በነበሩበት ፈተና የተገኘ ቦታ በእንዲህ ያለ ጥርጣሬ ላይ ሊጣል አይገባም።

ሦስት ሳምንት ዘግይቶ መግባትስ? ምናልባት በቅጣት ትመዘገብ ይሆናል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በትምህርት ካላንደራቸው ላይ ለዘገየ ምዝገባ ጥቂት ቀን ይተዋሉ፤ ይህ ግን በአብዛኛው ለነባር ተማሪዎች የታሰበ ነው፣ ሦስት ሳምንትም አይደርስም። ቢፈቀድላት ደግሞ ኪሳራው ዞሮ ውጤቷ ላይ ይመጣል። በተፈጥሮ ሳይንስ የፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት) የመጀመሪያ ሴሚስተር በአብዛኛው የሚወሰዱት እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጀነራል ፊዚክስ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ እና ስፖርት ናቸው። የሒሳቡ ኮርስ የሚጀምረው በፕሮፖዚሽናል ሎጂክና በሴት ቲዎሪ (ስለ ስብስቦች በሚያጠናው ክፍል) ነው። ይህን ምዕራፍ ያልተከታተለ ተማሪ የመጀመሪያውን ቴስት ያበላሻል፤ በዚያው ሰሞን የሎጂኩ መምህርም ስለ ማስረጃና ድምዳሜ ሲያስተምሩ እኩል ይደናገራል። በብዙ ኮርሶች ከመቶው ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከፋይናል በፊት ከሚሰጡ ቴስቶች፣ ኩዊዞችና የቡድን ሥራዎች ነው። ቡድን የሚመሠረተውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

በቁጥር ላሳይዎ። ስፖርቱን ትተን ስድስቱ ኮርሶች እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ናቸው እንበል። ቢ 3 ነጥብ፣ ዲ 1 ነጥብ ነው። በስድስቱም ቢ ያመጣች ተማሪ ጂፒኤዋ (አማካይ ውጤቷ፣ ከ4) 3.00 ነው። አምስቱን ቢ አምጥታ ሒሳቡን ዲ ብታገኝ፣ አምስት ጊዜ 3 ሲደመር 1፣ ለስድስት ሲካፈል 2.67 ይሆናል። አንድ ዲ የሴሚስተሩን ውጤት በአንድ ሦስተኛ ነጥብ ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ልዩነት ሲቪል ምህንድስና በመግባትና ባለመግባት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን እንደሚችል ከታች ያዩታል።

እንግዲህ እናትዎ ታመዋል፤ ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው፣ ቸል የሚባልም አይደለም። ግን ምክንያቱ የሚደመጠው ከምዝገባ በኋላ ነው። የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ እህትዎ በጥሪው ቀን ሄዳ ትመዝገብ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እናትዎን እርስዎ ወይም ሌላ የቅርብ ዘመድ ያስታምሙ። ለእህትዎ የሚደረግላት ትልቁ እርዳታም ይኸው ነው። ምዝገባው ራሷ በአካል ቀርባ የምትፈጽመው ስለሆነ በወኪል አይሆንም።

ከተመዘገበች በኋላ የእናትዎ ሁኔታ ቢከፋ ሁለት መንገድ አላት። ለጥቂት ቀን ከሆነ የሆስፒታሉን ማስረጃ አያይዛ ለሚመለከተው የትምህርት ክፍል ወይም ለፍሬሽማን አስተባባሪው በጽሑፍ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ቴስት ካመለጣት ማካካሻ የምትጠይቀው በዚሁ ደብዳቤ ነው። ዓመቱን መቀጠል የማትችል ከሆነ ዊዝድሮዋል ትሞላለች። ዊዝድሮዋል የጊዜ ገደብ አለው፤ በካላንደሩ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ በተመዘገበችበት ዕለት ቀኑን ማስታወሻዋ ላይ ታስፍር። ቅጹን ከሬጅስትራር ወስዳ በቤተ መጻሕፍት፣ በዶርም፣ በካፌና በንብረት ክፍል ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለባት የሚገልጽ ቅጽ) ታስፈርማለች፣ መታወቂያዋን ትመልሳለች፣ የጸደቀውን ቅጂ ይዛ ትወጣለች። ሻንጣዋን አንስታ ዝም ብላ ወደ ቤት ከመጣች ግን ድሮፕ አውት ተብላ ትመዘገባለች፣ ያልተፈተነችባቸው ኮርሶችም ኤፍ ሊሆኑባት ይችላሉ፤ ለመመለስ ያላት ዕድል እጅግ ይጠባል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ያልጨረሰ ተማሪ የሚመለሰው የመጀመሪያው ሴሚስተር ኮርሶች እንደገና ሲሰጡ ነው። ስለዚህ ለሁለት ወር ብላ ብታቋርጥም በተግባር አንድ ዓመት ትቆያለች። ሴሚስተሩን ጨርሳ ማቋረጥ ከቻለች በብዙ ይሻላታል።

በምዝገባው ቀን መገኘት በጭራሽ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ቀኑ ከማለፉ በፊት ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ማመልከቻ ይጻፍ። የምደባ መረጃዋ፣ የሆስፒታሉ ማስረጃና ስልክ ቁጥሯ ይያያዝበት፤ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ያረፈበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። ይህ ለመፈቀዱ ዋስትና አይሆንም፤ ነገር ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ማመልከቻ ከሚያገኘው ጆሮ የተሻለ ያገኛል።

ወደ ስሙ ልመለስ፤ ከጠየቁት ሁሉ ዛሬውኑ መጀመር ያለበት እሱ ነው። ልዩነቱ ለሰው ዓይን ኢምንት ነው። ለኮምፒውተር ግን «ወልደ ማርያም» በሁለት ቃል ሲገባ አባቷ ወልደ፣ አያቷ ማርያም ሆነው ይቀመጣሉ፤ እውነተኛው የአያቷ ስም ደግሞ ጨርሶ ይወጣል። ገብረ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ወልደ ብለው የሚጀምሩ ስሞች ሁሉ ይህ ችግር ያገኛቸዋል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍም አንዱ ሰነድ ላይ ፊደል ተደርቦ፣ ሌላው ላይ ሳይደረብ ይገኛል። በምዝገባ ዕለት የተያዘው ስም በመታወቂያዋ፣ በውጤት መግለጫዋ፣ በመውጫ ፈተናዋ፣ በመጨረሻም በዲግሪዋ ላይ የሚታተም ስም ነው። ከዓመታት በኋላ ለማረም ከመንከራተት አሁን መጨረስ ይሻላል።

አራት ሰነዶች ጎን ለጎን ዘርግታችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል አስተያዩ፦ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትና የፋይዳ መታወቂያ። ስህተቱ ትራንስክሪፕቱ ላይ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ራሱ አስተካክሎ እንደገና ሊሰጣት ይችላል። የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ላይ ከሆነ የሚያርመው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው፤ መነሻው ግን እዚያም የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ስለሆነ በዘጠኝ ቀን ላያልቅ ይችላል። ስለዚህ ለጊዜው፣ በሁለት መልክ የተጻፉት ስሞች የአንዲት ተማሪ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ፣ ፎቶግራፏ የተለጠፈበት ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ይዛ ትሂድ። ሬጅስትራሮች ለአጻጻፍ ልዩነት ይህን አብዛኛውን ጊዜ ይቀበላሉ። ይህ የሚሠራው ለአጻጻፍ ልዩነት ብቻ ነው፤ የስም ለውጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ በአያት ፋንታ የአሳዳጊ ስም ገብቶ ከሆነ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል።

የምትይዘው ነገር ጥሪው ላይ ይዘረዘራል፤ እዚያ ከተጻፈው በላይ ጥቂት ልጨምር። ከየሰነዱ ዋናውንና ሦስት ሦስት ኮፒ፣ 3 በ4 የሆነ ፎቶግራፍ ቢያንስ ስምንት፤ ጥሪው አራት ቢልም ለመታወቂያ፣ ለካፌ ካርድና ለዶርም ቅጽ እየተባለ ያልቃል። የ8ኛ ክፍል ካርድ የጠፋበት ተማሪ ምትኩን የሚያገኘው ፈተናውን ከሰጠው የክልል ወይም የከተማ ትምህርት ቢሮ ነው፤ የፖሊስ የመጥፋት ማስረጃ ሊጠየቅበት ይችላል። ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች አውቶቡስ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አታድርግ፤ በእጅ በምትይዘው ቦርሳ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልለው ይሁኑ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንስታ ለእርስዎም ትላክልዎ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ የተለመዱ ናቸው። አርባ ምንጭ ቆላ ስለሆነ ከከባድ ብርድ ልብስ ይልቅ ቀለል ያለውን፣ ከዚያም አጎበር ትያዝ። ወባ ያለበት አካባቢ ነው፤ ትኩሳት ሲሰማት ማስታገሻ ውጣ ከመተኛት በዚያው ዕለት ክሊኒክ ሄዳ ደሟን ትመርመር።

ዩኒቨርሲቲው ከአንድ በላይ ግቢ አለው፤ ሳውላ ያለው ካምፓስም አለ። ጥሪው የትኛውን ግቢ እንደጠራ፣ ምናልባትም በስም መነሻ ፊደል ከፋፍሎ እንደሆነ ማንበብ ያስፈልጋል። የፍሬሽማንና የሬሜዲያል ጥሪም አንድ አይደለም። የሬሜዲያል ፕሮግራም ግማሽ ላላመጡት በ2015 ዓ.ም. የተጀመረ ነው፤ እህትዎ ከ600 362 ስላመጣች ጥሪዋ የፍሬሽማኑ ነው። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ያለው ሲጨመር የሁለት ቀን መንገድ አድርጋችሁ አስቡት፤ ከምዝገባው አንድ ቀን ቀድማ ብትደርስ መልካም ነው።

ስለ ሲቪል ምህንድስና ደግሞ ሌላ የተሳሳተ ግምት አለ። ሚኒስቴሩ የመደባት ለዩኒቨርሲቲው እንጂ ለዲፓርትመንት አይደለም። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላ ወይም በዓመቱ መጨረሻ ነው፤ እንደ ዩኒቨርሲቲው ይለያያል። መስፈርቱ በአብዛኛው የፍሬሽማን ጂፒኤና የ12ኛ ክፍል ውጤት ተዳምረው ነው፤ ለሴት ተማሪዎች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆች ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጡም አሉ። ለምሳሌ ሁለቱን ግማሽ በግማሽ፣ እያንዳንዱን ከ50 የሚያስላ ዩኒቨርሲቲ እንውሰድ። እህትዎ 362 እና ጂፒኤ 3.6 ቢኖራት፣ ከውጤቷ 30.17፣ ከጂፒኤዋ 45፣ ድምሩ 75.17 ይሆናል። 400 ያመጣ ልጅ በ3.1 ጂፒኤ 33.33 እና 38.75፣ ድምሩ 72.08 ያገኛል። በ38 ነጥብ የበለጣትን ልጅ በአንድ ሴሚስተር ቀደመችው ማለት ነው። ከላይ ስለ አንድ ዲ የተናገርኩት ለዚህ ነው። ደግሞም አርባ ምንጭ ለምህንድስና መጥፎ ዕጣ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ ነው፤ ምህንድስናው ከሥሩ አብሮት ያደገ ነው። የምርጫ ቅጹን ስትሞላ ሲቪልን አንደኛ አድርጋ፣ ሁለተኛና ሦስተኛውንም ከልቧ ትምረጥ፤ የውሃ ነክ ምህንድስናዎቹን በደንብ ጠይቃ ትወቅ። ቦታ የሞላበት ዲፓርትመንት ሲዘጋ ሥርዓቱ ወደ ቀጣዩ ምርጫዋ ስለሚወስዳት ለመሙላት ያህል የተጻፈ ሁለተኛ ምርጫ አምስት ዓመት የሚማሩት ሊሆን ይችላል።

«ሩቅ ነው፣ እናቷ ታመዋል፣ ወደ ቅርብ ይቀየርላት» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። የምደባ ለውጥ የሚያየው ሚኒስቴሩ ነው፤ ጊዜውንም በማስታወቂያ ይገልጻል። በተለምዶ የሚታዩት የተማሪው የራሱ ከባድ የጤና እክል በሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ሲረጋገጥ፣ መንትዮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና መሰል ጉዳዮች ናቸው። የወላጅ ሕመምና ርቀት በብዛት አይበቃም። ማስታወቂያው ሲወጣ ማመልከት አይከለከልም፤ ሆኖም መልሱን እየጠበቁ ምዝገባ ማሳለፍ ትልቅ ስህተት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የሚቀበለው በራሱ የመግቢያ ፈተና ስለሆነ «ወደዚያ አስቀይሩልን» የሚባል ነገር የለም።

በዚህ ሰሞን በቴሌግራም «ምደባ እናስቀይራለን፣ የዘገየ ምዝገባ እናስፈቅዳለን» የሚሉ ሰዎች ይበዛሉ። የመመዝገቢያ ቁጥሯን፣ የፋይዳ ቁጥሯንም ሆነ በስልኳ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አትስጥ። በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ የሚገባ የምዝገባ ክፍያ የለም።

በምዝገባው ዕለት የምትፈርመው የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ውል አለ። ተማሪው የምግብና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ የተወሰነውን ክፍል ወደፊት ከገቢው የሚከፍለው ዕዳ ነው። በየዓመቱ ይፈረማል፤ ቅጂውን ታስቀምጥ። ዊዝድሮዋል ከሞላች እስከዚያ ቀን የተጠቀመችበት ብቻ እንዲያዝባት ክሊራንሱ ላይ ያለው ቀን ትክክል መሆኑን ታረጋግጥ።

ዘጠኙ ቀን እንዲህ ይዋል፦ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት፤ ስሙ እስኪስተካከል ወይም ደብዳቤው እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ቀን ይሂድ። በአምስተኛው ቀን ኮፒና ፎቶ ይጠናቀቅ፤ የእናትዎ የሕክምና ማስረጃም ከሆስፒታሉ ይውጣ፣ ኋላ ፈቃድ ለመጠየቅ ያስፈልጋል። በሰባተኛው ቀን መንገድ። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ስትቀበሉ ከቢሮው ሳትወጡ ተመልከቱት፦ ሁለቱም የስም አጻጻፎች ሙሉ በሙሉ ተጽፈው፣ ማኅተሙ ፎቶግራፏንም ፊርማውንም ነክቶ አርፎ፣ ቀንና የወጪ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። የወጪ ቁጥር የሌለውን ደብዳቤ ሬጅስትራሩ ይመልሰዋል፤ ለእሱ ተብሎ ደግሞ ከአርባ ምንጭ ደብረ ብርሃን አይመለስም።